የቴሌቪዥናችን ቀይ

የቴሌቪዥናችን ነጭ ነጭ አይደለም። ይህን ከቤታችን ሰው ሁሉ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ ለወራት ግን ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል። ዝም ብሎ ማየት ግን እችልበታለሁ።

አባቴ ሸማኔ ነው። ሲቀላ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከቤታችን ጎን በተቀጠለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ እግሩን ከመሸመኛው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ቴሌቪዥኑን ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወሩ አስተማሪ ገዝቶ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ካቆምኩ ጀምሮ ክር አጠነጥንለታለሁ፤ የጥለቱን ቀለምም እለይለታለሁ። ሁለት ቀይ ክር ጎን ለጎን ብታስቀምጡልኝ የትኛውን ፀሐይ እንዳገኘው እነግራችኋለሁ። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ በተሰቀለበት ቀን ነጩ ወተት ሳይሆን ቅቤ መምሰሉን፣ ቀዩም በትንሹ፣ በጣም በትንሹ፣ ወደ ብርቱካን ማዘንበሉን አየሁ።

አንድ ቀን ሶኬቱ ተቃጥሎ ጠጋኝ መጣ። ሥራውን ሲጨርስ እንደምንም ደፍሬ፣ «ቀለሙስ?» አልኩት።

«ምን ሆነ ቀለሙ?»

«ነጩ ቅቤ ይመስላል።»

ራቅ ብሎ አየ፤ ቀረብ ብሎም አየ። «እህቴ፣ ይህን የሚያየው የሠራው ፋብሪካ ብቻ ነው። ኳሱ ይታያል? ዜናው ይታያል? በቃ!»

አባቴ መወርወሪያውን እንደያዘ ሳቀ። «እሷ እኮ የእንጀራ ዓይን የምትቆጥር ልጅ ናት!»

ጠጋኙ አልተሳሳተም። ጎረቤቶቻችን እየመጡ ያያሉ፤ ይስቃሉ፤ ተዋናዩ ሲሞት ያለቅሳሉ። አንድም ሰው ስለ ነጩ ምንም ብሎ አያውቅም። እኔ ራሴም ድራማው ከጀመረ ቅቤውን እረሳዋለሁ።

ከፋሲካ በኋላ ግን እትዬ መጡ። እትዬ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ሚስት ናቸው፤ ከሰሜን መጥተው ዳገቱ ላይ ባለው ሴቻ ሰፈር ብዙ ዓመት ኖረዋል። በሰፈራቸው የአገር ልብስ የምታሠራ ሴት ሁሉ መጀመሪያ እሳቸውን ትጠይቃለች። አሁን ልጃቸውን ሊድሩ ነው።

«በበዓሉ ፕሮግራም ላይ የነበረችውን አቅራቢ አይታችኋታል?» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «የሷን ጥለት ነው የምፈልገው። ያንን ቀይ! ሌላ ቀይ እንዳታመጡብኝ።»

አባቴ የክሩን ካርቶን ከፈተላቸው። እጃቸውን አወናጨፉበት። «ክር እንዲህ ተጠቅልሎ ሲታይ አይገባኝም፣ ወንድሜ። እሷ የለበሰችውን ብቻ ይሥሩልኝ።»

ፕሮግራሙ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተደገመ። አቅራቢዋ ብቅ ስትል አባቴ ከጉድጓዱ ወጥቶ ክሮቹን አንድ በአንድ ወደ ስክሪኑ ያስጠጋ ጀመር።

«አገኘሁት!» አለ። የያዘው ክር የደረሰ ማንጎ ጉንጭ ይመስላል።

ጥለት አንዴ ከተሠራ አይፈታም። እትዬ ባይወዱት ቀሚሱ እኛው ላይ ይቀራል፤ ከዚያ የከፋው ግን በሴቻ ሙሉ «ቀለም የማያይ ሸማኔ» መባሉ ነው። አባቴ ደግሞ ከዓይኑና ከእጁ ሌላ የሚመካበት ነገር የለውም።

«አባዬ፣ ያ ቀይ የሴትየዋ አይደለም» አልኩ። «የቴሌቪዥኑ ነው።»

«መጣች ደግሞ! ጠጋኙ ምን አለሽ?»

«እሱ ለሚያይ ሰው ነው የተናገረው። እኛ ልንሠራበት ነው።»

ክሩን አገላብጦ አየው። «እንግዲያው ሂጂና እሳቸውን ጠይቂያቸው» አለኝ። እንደማልሄድ እርግጠኛ ስለሆነ ያለው ይመስለኛል።

በማግስቱ ቀይ ክሮቹን ሁሉ በፌስታል ይዤ በባጃጅ ወደ ሴቻ ወጣሁ።

«እንዴ፣ ዝምተኛዋ!» አሉ እትዬ በሩን ከፍተው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ሙሽራዋን ጠሯት፤ እሷ ፕሮግራሙን ስልኳ ላይ አስቀምጣው ነበር። በስልኳ ስታሳየኝ የአቅራቢዋ ጥለት ቲማቲም ነው። ከዚያ ወደ ትልቁ ቴሌቪዥናቸው አስተላለፈችው። እዚያ ላይ ደግሞ የተቆረጠ ቀይ ሥር መሰለ። የእነሱም ነጭ ነጭ አልነበረም፤ ሳሙና የበዛበት ውኃ ይመስል ወደ ሰማያዊ ይሄድ ነበር። ይህን ግን አልነገርኳቸውም። ተደስተውበት የሚኖሩበትን ነገር ምን ብዬ አበላሻለሁ?

«እውነተኛው በስልክ ያለው ነው፣ እማ፤ ስልኩ እኮ አዲስ ነው» አለች ሙሽራዋ።

«ይህን የሚያህል ቴሌቪዥን ትቼ የእጅሽን መዳፍ ልመን?»

እናትና ልጅ ሲከራከሩ እኔ ክሮቹን ጭኔ ላይ ደርድሬ አሰብኩ። እውነተኛውን ቀይ የምታውቀው አቅራቢዋ ብቻ ናት። እኛ ግን የምንሠራው ለአቅራቢዋ አይደለም።

«እትዬ፣ መጀመሪያ አይተው የወደዱት በየትኛው ነው?»

«እዚሁ ነዋ! እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ። እሷም አጠገቤ ነበረች።»

ሙሽራዋ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ተነስቼ ክሮቹን አንድ በአንድ ስክሪናቸው ላይ አስጠጋሁ። አራተኛውን ስይዝ ሁለቱም በአንድ ድምፅ፣ «እሱ ነው!» አሉ። ክሩን በረንዳ ላይ አውጥቼ በፀሐይም አሳየኋቸው። ሐሳባቸውን አልለወጡም።

አባቴ ክሩን ሲያይ ፊቱን አጨፈገገ። «ይህ እኮ ወይን ጠጅ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው።»

«እሳቸው በዓይናቸው አይተው፣ በእጃቸው ነክተው የመረጡት ነው።»

ሠራው። እትዬ ሊወስዱ መጥተው ሲዘረጉት፣ «ራሱ! ቁርጥ እሷ የለበሰችው!» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። አባቴ ግን እሱ የመረጠው ክር ለምን እንደተለወጠ አልገባውም ነበር። የሴቶች ምርጫ ነው ብሎ ነው የተወው።

ከሠርጉ በኋላ እትዬ ቪዲዮውን «ሥራችሁን እዩት» ብለው በፍላሽ ላኩልን። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከፈትነው። ሙሽራዋ ከሩቅ በሰው መሐል ስትመጣ አባቴ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«ይህ የኔ ሥራ አይደለም!»

«እንዴት?»

«ቀለሙን አታዪም? የኔ ቀይ ሥር ነበር፤ ይህ ቲማቲም ነው! ሌላ ሸማኔ ጋ ሄደው አሠርተዋል። ሳሙሽ እንጂ አልወደዱትም!» ድምፁ ተሰበረ። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ከካርቶኑ የተረፈውን ክር አውጥቼ ሙሽራዋ ቀረብ ስትል ስክሪኑ ላይ አስጠጋሁት። የጥለቱ አወራረድ የእሱ ነው፤ ጠርዙ ላይ ያሉት ሦስት ትናንሽ ደረጃዎች ከአያቴ የወረሳቸው ናቸው፤ ማንም አይሠራቸውም። ቀለሙ ግን በእጄ ያለው ክርና በስክሪኑ ያለው አንድ አልሆነም።

አባቴ ቀረበ። ክሩን አየ፤ ጥለቱን አየ፤ እንደገና ክሩን አየ። ደረጃዎቹን በጣቱ ስክሪኑ ላይ ነካቸው።

«የኔ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ያንተ ነው።»

ቁጭ አለና ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አየ። ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረ። «ነጩስ ምን ይመስላል ነበር ያልሽው?»

«ቅቤ።»

አየ። «እውነትም ቅቤ!» ብሎ ተነሥቶ ጎረቤቶቹን ሊጠራ ወጣ።