አትቀስቅሻቸው ያልኳት እኔ ነኝ

አባቴ ስማዳ ውስጥ በአንዲት የገጠር ደብር መሪጌታ ነበሩ። ሲተኙ ማንኮራፋታቸው ከግድግዳ ውጭ ይሰማል፤ ከዚያ ድንገት ጸጥ ይላሉ፣ ትንፋሽም የለ። እናቴ በክርኗ ጎሸም አድርጋ በስመ አብ ስትል፣ ከውኃ እንደወጣ ሰው አየር ስበው ይመለሳሉ። ዱካክ ነው ተባለ። ጠበል ተጠመቁ፤ አልተዋቸውም። ተማሪዎቻቸው «የኔታ ተኝተውም ዜማ ይመራሉ፤ ዕረፍቱ ግን ይረዝማል» እያሉ ይሳሳቁ ነበር።

እያደር ቀንም እንቅልፍ ይጥላቸው ጀመር። አንድ ቀን ማኅሌት ቆመው ሳለ መቋሚያቸውን እንደተደገፉ አንቀላፉና ከነመቋሚያቸው ወደቁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት መቆም ፈሩ።

እኔ ያኔም እንደ አሁኑ ድሬዳዋ ነበርኩ። በሥራ ፈረቃ እንቅልፌ ተዛብቶ ሐኪም ያዘዘልኝ ኪኒን ነበረኝ። አባቴ ቀን የሚያንቀላፉት ሌሊት ስለማይተኙ ነው ብዬ፣ ለእኔ የታዘዘውን ለሳቸው ላክሁ። ጥንቁቅ ነኝና «ከእራት በኋላ አንድ፤ ከአንድ አይበልጥ» ብዬ በጉልህ ጽፌ፣ ወደ ስማዳዋ ከተማ ወደ ወገዳ በሚሄድ ዘመድ እጅ ሰደድኩት። ለእናቴም ደወልኩ። ጠበል ሥርዓት እንዳለው ኪኒንም ያለው መስሎኝ፣

«እንቅልፍ ሲወስዳቸው አትቀስቅሻቸው፤ መድኃኒቱ ይበላሻል» አልኳት።

በሳምንቱ እናቴ ደስ ብሏት ደወለች። አሁንማ ጸጥ ብለው ያድራሉ አለችኝ። ስለት ነበረብኝና ጃንጥላ ገዝቼ ለቤተ ክርስቲያን አስገባሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት አልነቁም። ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ነፍሳቸው ገና አልወጣችም ነበር፤ ከቀትር በኋላ ወጣች። አብሮ የነበረው ወንድሜ እንደነገረኝ፣ ሐኪሙ ኪኒኑን አይቶ አስረዳቸው፦ ጉሮሯቸው በእንቅልፍ ሲዘጋ ሰውነታቸው ደንግጦ ይነቃ ነበር፤ ኪኒኑ ያንን መደንገጥ አፈዘዘው። ቀድሞ ማን ይቀሰቅሳቸው እንደነበር ጠየቀ። እናቴ «እኔ» አለች። ታዲያ ለምን ተውሽ ሲላት፣

«ደከመኝ» አለች።

ለቅሶ ስደርስ ወሬው አገር ሞልቶ ነበር። ለአንድ ክርን ሰንፋ ባሏን ገደለች ይሏታል። እኔን ግን ለአባቷ ያሰበች ልጅ እያሉ ይመርቁኛል። ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ። እሳቸውም ሐሜቱን የሰማ ጆሮ እውነቱንም ይስማ አሉኝ።

በአርባው፣ ዳሱ ሞልቶ ሳለ፣ ተነሥቼ እንዳትቀሰቅስ ያዘዝኳት እኔ ነኝ አልኩ። ታላቁ አጎቴ እውነት ነው ወይ ብለው ወደ እናቴ ዞሩ።

«ሐዘን ነው» አለች፣ ቀና ሳትል። «ያላለችውን አልኩ ትላለች። አስቀምጧት።»

ሁለት ሴቶች ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ።