ከአውሮፕላኑ በር ያስቀረኝን ሰው ፍለጋ ወደ ግምጃ ቤት

ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ዳንግላ

ከዳንግላ የተነሣሁት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። በወጣትነቴ የአየር ወለድ መሐንዲስ ወታደር ነበርሁ፤ ሃምሳ አለቃ ስንሻው የቡድናችን መሪ ነበር። አንድ ቀን ለግዳጅ ልንበር ተሰልፈን፣ ጃንጥላችንን አዝለን፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ አንገትጌዬን ይዞ ከሰልፉ አወጣኝ። ምክንያቱን አልነገረኝም። አውሮፕላኑ ጥሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ስሜ "ፈሪው" ሆኖ ቀረ። በላይ የሚባል የዚያው ቡድን ሰው ዛሬም ዳንግላ ገበያ መሐል በዚህ ስም ይጠራኛል። እኔም አልተኛሁም፤ ስንሻው ምቀኛ ነው፣ ማዕረጉን እንዳልወስድበት ፈርቶ ነው እያልሁ ያላማሁበት ጠላ ቤት የለም።

ሳላጣራ ሞቷል ብዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት አንድ ከሰል ነጋዴ ግምጃ ቤት በምትባል ከተማ እንደሚኖር ሲነግረኝ እግሬ መሬት አልይዝ አለ። ዛሬ ፊት ለፊት ቆሜ "ለምን?" እለዋለሁ።

ሚኒባሱ እስከ ቆሰበር፣ እንጅባራ ማለት ነው፣ መቶ ሃምሳ ብር አስከፈለን፤ ሦስት ሰው በሚይዘው ወንበር አራት ጠቀጠቀን። አዲስ ቅዳም ላይ ሲቆም በመስኮት ቅቅል ድንች በዳጣ ገዛሁ። አፍ ያቃጥላል፤ ጥሩ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት አስተማሪ ድንቹን ስሰጠው ወሬ ጀመረ።

"አባባ፣ ሥራዎ ምን ነበር?"

"የአየር ወለድ መሐንዲስ።"

"ሰማይ ላይ ፎቅ ይሠሩ ነበር?"

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። "አንተን የመሰለ ሥራ ፈት የሚያርፍበትን ሜዳ እንጠርግ ነበር" አልሁት።

ከዚያ ግን ነገርሁት፤ ከተናገርሁት ብዙ ጊዜዬ ነው፣ አፌ ራሱ ቸኮለ። እኛ የምንወርደው ከፊተኞቹ ጋር ነው። የኋለኛው ጦር በአውሮፕላን እንዲመጣ ማረፊያው ጉድጓዱ መደፈን፣ ፈንጂው መነሣት አለበት። ለወገን የፈረሰ ድልድይ እንጠግናለን፤ ጠላት የሚመጣበትን እንሰብራለን። ቡድናችን አሥራ ሁለት ሰው ነበር። አራቱ ፈንጂ ፈልገው ያመክናሉ። እኔ፣ በላይና አንድ ሌላ ልጅ አፍራሾች ነን። የቀሩት መጋዝ፣ መጥረቢያና አካፋ ይዘው ይወርዳሉ፤ ከመሐላቸው ሁለቱ አናጢዎች ነበሩ። ሌላ ቦታ ዶዘር በሳንቃ ታስሮ በጃንጥላ ይወርዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ያየሁት አካፋ ነው።

"ታዲያ ስንት ጊዜ ዘለሉ?" አለኝ።

"ከምፈልገው አንድ ያነሰ" ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።

ሦስት ሰዓት፣ ቆሰበር

እንጅባራ ብሎ የተጻፈውን ታፔላ ጮክ ብዬ አነበብሁት። ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ዓመቴ በማታ ትምህርት ስለሆነ ታፔላ ሳነብ አሁንም ደስ ይለኛል። ካፊያው ከብርዱ ጋር አጥንት ይገባል። ፈረሰኞች ጋቢያቸውን ተከናንበው ከባጃጁ ጋር መንገድ ይጋፋሉ። የግምጃ ቤቱ መኪና እስኪሞላ አንድ ሰዓት ቆምሁ፤ ረዳቱን ሰድቤው ሲያበቃ ሞላ። መንገዱ ለከሰል በሚተከለው በዲከረንስ ዛፍ መሐል ይሄዳል፤ ዳር ዳሩን የከሰል ጆንያ ተደርድሯል። ልቤ ልክ እንደ ዝላይ ቀን ይመታ ነበር።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ ግምጃ ቤት

አንዲት ሴት ስለ ስንሻው ስጠይቃት ለጎረቤቷ በአዊኛ የሆነ ነገር ብላ ሳቀች፣ ከዚያ በአማርኛ "ያ ቀርከሃ ሰንጣቂው ነው" ብላ አጥሩን አሳየችኝ። ስንሻው ደጁ ላይ ተቀምጦ በቢላ ቀርከሃ ይሰነጥቃል። ዓይኑ ደክሟል። ስሜን ስነግረው እጁ ቆመ።

"ለእርቅ ከሆነ ተቀመጥ፤ ለጠብ ከሆነም ተቀመጥ" አለኝ።

አልተቀመጥሁም። "ለምን አወጡኝ?"

"ሻንጣህን ፈትሼ ነዋ። ቀስ ብሎ የሚነደውን የፈንጂ ገመድ አምጣ ብዬህ ነበር፤ ለኩሳችሁ የምትሸሹበትን። የያዝኸው ወዲያው የሚፈነዳውን ነው። ላዩ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ማንበብ እንደማትችል ያን ጊዜ ገባኝ።"

ስቀጠር ስድስተኛ ክፍል ጨርሻለሁ ብዬ ዋሽቻለሁ። ገመዶቹን የምለየው በቀለማቸው ነበር፤ ያን ቀን አዲስ የመጣው ዕቃ ሁለቱም አንድ መልክ ነበረው። ሁለቱን ጥቅል በእጄ መዝኜ ከባዱን ያነሣሁት ትዝ አለኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለራሴም ጭምር።

"ለሻምበሉ ብናገር ሆን ብሎ ነው ብለው ያስሩህ ነበር" አለ። "ፈሪ ቢሉህ ይሻላል አልሁ። ገመዱን ለውጬ ያንተን ሥራ ራሴ ደርቤ ሠራሁ።"

"ለእኔ ለብቻዬ ቢነግሩኝስ?"

ቢላውን አስቀመጠ። "እሱ የእኔ ጥፋት ነው" አለ። "ከግዳጁ ስመለስ ወደ ዕቃ ክፍል አዛውረውህ አገኘሁ። ነገ እነግረዋለሁ እያልሁ ነው ያረጀሁት።"

ያን ጊዜ ተቀመጥሁ። ባለቤቱ ቆሎና እርጎ አቀረበችልን፤ አብረን በላን። አሁንም ተናድጃለሁ፤ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ግን እጁን ስሜ ነው የተነሣሁት።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ዳንግላ

ስመለስ መኪና ውስጥ ዝም ብዬ እስቅ ነበር። ያ ሰው ፈሪ ነህ ብሎ አላስቀረኝም። ደግሞ ሁለት ጓደኞቼን ልፈጅ እንደነበር ትዝ ሲለኝ ሳቄን እተዋለሁ። የግማሽ ቀን መንገድ ሄጄ ልጠይቀው የምችለውን ሰው ሠላሳ ምናምን ዓመት በሐሜት ስቆራርጠው ኖሬአለሁ። ከዚህ ጉዞ የቀረልኝ ትምህርት ይኸው ነው፤ ያሳፍራል።

ከመናኸሪያ ጋሪ ይዤ ወደ ቤቴ አልሄድሁም። በላይ የሚቀመጥበት ጠላ ቤት ወረድሁ።

"ፈሪው፣ ከየት ነው?" አለኝ።

"ከስንሻው ቤት።"

"ምቀኛው ምን አለ?"

"ምቀኛ አይደለም፤ እኔ ነኝ ስሙን ያጠፋሁት" አልሁት፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "ያን ጊዜ ማንበብ አልችልም ነበር። ይዤው የነበረው ገመድ የተሳሳተ ነው። ብወርድ ኖሮ አንተን ገድዬህ ነበር።"

በላይ ጣሳውን አስቀመጠ። "ሦስት ዓመት ሙሉ ፊደል ሳታውቅ ነው ፈንጂ ስታቀብለኝ የኖርኸው?"

"ሦስት ዓመት ከሁለት ወር።"

ሰደበኝ፤ የሚጻፍ ስድብ አይደለም። አባቴንም እናቴንም አልማረም። ሲጨርስ በእግሩ በርጩማ ገፋልኝና አስተናጋጇን ጠላ አምጪለት አላት።