የግድቡ ላብ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ የጎማ ቦት፣ ማጭድና አካፋ ሰጠኝና ግድቡ አናት ላይ ሐይቁን በጀርባዬ አድርጎ አቆመኝ። «እንግዳ ውሃውን ያያል፤ በጀልባ ይንሸራሸራል፤ ዓሣ ያጠምዳል። አንተ ግን የምታየው የግድቡን ጀርባ ነው» አለኝ።

በፈረንጅ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ከጎንደር ከመጣን ዓመት እንኳ አልሞላንም፤ የምንኖረውም በዕብራይስጥ መርከዝ ክሊታ በሚሉት፣ በአዲስ ገቢዎች መኖሪያ ነበር። ሐይቁ ከፔታ ቲክቫ ከተማ ዳር፣ ከኤን ጋኒም ሰፈር ወዲያ በብርቱካን እርሻዎች መሃል ያለ፣ ለሽርሽር የተሠራ ትንሽ የግል ሐይቅ ነው። ግድቡ የአፈር ነው። ሥራዬም ሣሩን ማጨድ፣ አይጥ የቆፈረውን ጉድጓድ መድፈንና የትርፍ ውሃ መውረጃውን ከቅጠል ማጽዳት ሆነ።

አለቃዬ ሜናሼ ይባላል። በልጅነቱ ከባግዳድ የመጣ፣ ቁጣው እንደ ጭድ እሳት ቶሎ ነዶ ቶሎ የሚጠፋ ሽማግሌ ነበር። ሽበታም ሰው በባዶ ስሙ መጥራት አልሆንልኝ ስላለ «አባ ሜናሼ» አልኩት። ወደደው።

ከግድቡ ግርጌ በአንድ ቦታ ቀጭን ውሃ ይወጣል። መጀመሪያ ሳየው ፈራሁ። አባ ሜናሼ ሳቀብኝ። «የአፈር ግድብ ያልበዋል። እስከጠራ ድረስ በሰደር ነው፤ ደህና ነው።» ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሄጄ አየው ነበር።

እማማ ዘውዲቱ በመርከዙ ጎረቤታችን ነበሩ። በአገራችን ሳሉ ዓርብ ወንዝ ወርደው ገላቸውን ሳይታጠቡ የቅዳሜን ሰንበት ተቀብለው አያውቁም። እዚህ የቧንቧው ውሃ ውሃ አልመስል አላቸው። ሚቅቬ ወደሚባለው የመንጻት ገንዳም ቢወስዷቸው «ይሄስ የቆመ ውሃ ነው» ብለው ተመለሱ። በየሳምንቱ ዓርብ ሲደርስ ፊታቸው ይጠቁራል። የግድቡን ላብ ነገር ከእኔ የሰሙ ጊዜ ተከትለውኝ መጡ።

«ምንጭ አገኘህልኝ!» አሉ።

«ምንጭ አይደለም እማማ። ከሐይቁ ሾልኮ የሚመጣ ነው።»

«ይሄዳል ወይስ ቆሟል?»

«ይሄዳል።»

«በቃ። የአባቱን ስም ምን አስጠየቀኝ!»

አባ ሜናሼ ከሸንበቆው ጀርባ ነጭ ነጠላ አይቶ «ማናት?» አለኝ። ነገርኩት። ቁጣውን ስጠብቅ፣ «እናቴም ወንዝ ትወርድ ነበር» አለ። «ትታጠብ። አፈሩን ብቻ እንዳትቆፍር።» በሸንበቆ መከለያ ሠራሁላቸው፤ የሚቀመጡበት ድንጋይም አኖርኩ። እዚህ ክረምቱ በአገራችን የበጋ ወራት ነው፤ ያን ክረምት ሙሉ ዓርብ ዓርብ መጡ።

ዝናቡ በርትቶ ሐይቁ ሞላ። ፔሳሕ፣ የፋሲካው በዓል፣ እየቀረበ ነበር። አባ ሜናሼን ዓመቱን የሚያኖረው የዚያ በዓል እንግዳ ነው፤ ጀልባዎቹን ቀለም ቀባ፤ አዳዲስ ጠረጴዛ አስገባ፤ እያፏጨ ይውል ጀመር።

ከበዓሉ በፊት ባለው ዓርብ እማማ ዘውዲቱ ሳይታጠቡ ወደ ግድቡ አናት ወጡብኝ።

«አንተ ልጅ፣ ውሃው ምን ነካው? ከላይ ማን ነው የሚያርሰው?»

«ማንም የለም እማማ። ጠዋት ጠርቶ ነበር።»

«እንግዲያው ሂድና እየው። እንዲህ ያለ እጣቢ ለሰንበት አይሆንም።»

እውነትም የእህል እጣቢ መስሏል። በብርጭቆ ቀድቼ ባቆመው አፈሩ ከሥር ዘቀጠ። ክው አልኩ። ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው ማለት ነው። ከታች ደግሞ ዶሮ የሚያረባ ቤተሰብ አለ፤ ልጆቹ ደጃፍ ላይ ሲጫወቱ ይታየኛል።

በአካፋ ልደፍነው ስል አባ ሜናሼ መጣ። ብርጭቆውን አይቶ ወደ ስልኩ ሮጠ። የጠራው መሐንዲስ ነው፤ ያን ቃል ዕብራይስጡም እንደኛው ስለሚለው ማንም ሳያስተምረኝ አውቀው ነበር። መሐንዲሱ ደርሶ ተንበረከከና እጁን ውሃው ውስጥ ከተተ።

«አትድፈኑት» አለ። «ከደፈናችሁት ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ውሃው ይሂድ፤ አፈሩን ያዙት። መጀመሪያ አሸዋ፣ ከዚያ ደቃቅ ጠጠር፣ በላዩ ሻካራ ጠጠር። ሐይቁንም አሁኑኑ ማስለቀቅ ጀምሩ።»

«ከፔሳሕ በኋላ አይሆንም?» አለ አባ ሜናሼ። ድምፁ ያሳዝን ነበር።

መሐንዲሱ ወደ ዶሮ ቤቱ ብቻ ተመለከተ። አባ ሜናሼ ዝናቡን ረገመ፤ መሐንዲሱን ረገመ፤ እኔንም አልማረኝ። ከዚያ ወደ ማስለቀቂያው መዘውር ሄደ። ዝጎ አልንቀሳቀስ አለን። «ያላ! ያላ!» እያለ ሁለታችን ተንጠልጥለን አዞርነው፤ ውሃው በቧንቧው እያጓራ ወጣ።

ለእማማ ዘውዲቱ «ታች ያሉት ሰዎች ይውጡ» ብያቸው ነበር። ከሰዎቹ ጋር በቋንቋ አይግባቡም። ቢሆንም ልጆቹን እጅ እጃቸውን ይዘው ሽቅብ ሲወጡ፣ እናትና አባት እየጮሁ ሲከተሏቸው አየሁ። ለካ ልጆቻቸውን የሚወስዱባቸው መስሏቸዋል። ኮረብታው ላይ ሆነው ወደ ታች ሲያዩን ግን ገባቸውና ጩኸታቸውን ተዉት።

አሸዋና ጠጠሩን አልብሰን ስንጨርስ ሰንበት ሊገባ ነበር። የሚወጣው ውሃ መጥራት ጀምሯል። እማማ ዘውዲቱ ያን ሰንበት ሳይታጠቡ ተቀበሉት። በሕይወታቸው የመጀመሪያው ነው አሉኝ፤ በጣም አዘንኩላቸው።

በበዓሉ እንግዶቹ መጥተው ጀልባዎቹን ጭቃ ላይ ተጋድመው አዩና ተመለሱ። አባ ሜናሼ በር ላይ ቆሞ አንድ በአንድ ይቅርታ ጠየቀ። በበጋው ግርጌው ተቆፍሮ አሸዋና ጠጠሩ በወጉ ተነጠፈ፤ ውሃው የሚወጣበት ቧንቧም ተተከለ።

በተከታዩ ክረምት ሐይቁ እንደገና ሲሞላ አባ ሜናሼ ራሱ «አሮጊቷን ጥራት» አለኝ። እማማ ዘውዲቱ ከቧንቧው በመዳፋቸው ቀድተው ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። አባ ሜናሼ ፊት ፊታቸውን ያያል።

«ጠርቷል» አሉ።

«ምን አለች?» አለኝ። ነገርኩት። ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። እማማ ነጠላቸውን ሲፈቱ ግን ክንዱን ይዤ አስነሳሁትና ፊታችንን አዙረን ሄድን።

ጡረታ እስክወጣ በሌሎች ግድቦችም ሠርቻለሁ። ለአዲስ ሠራተኛ የምነግረው ይህንኑ ነው። ከግድብ ግርጌ ውሃ ሲወጣ ካየህ፣ ከብዛቱ በፊት ቀለሙን እይ። ከደፈረሰ አትድፈነው። ሐይቁን አስለቅቅ፤ ከታች ያሉትንም ሰዎች አስወጣ።