ዘፋኝ የሌለው ሲዲ

አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ማንያታ ሰፈር ባለችው ሻይ ቤታቸው የሚያጫውቱት አንድ የጃዝ ሲዲ ብቻ ነበር። ሲዲው ላይ ሦስት ሰዎች ፒያኖ፣ ቤዝና ድራም ይጫወታሉ፤ ዘፋኝ የላቸውም። ወደ ናይሮቢ የሚወርዱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ይህን ስለማያውቁ፣ «ጋሼ፣ ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» ይሏቸዋል።

«ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ ብሎ ይመጣል» ይላሉ ኮስተር ብለው። ሾፌሩም ሌላ ሻይ ያዛል። አጎቴ የሚስቁት ሲዲው አልቆ ዝም ሲል ነው።

አሁን ሲዲውን የምከፍተው እኔ ነኝ። ከማጫወቻው አጠገብ ያለው ወንበራቸው ላይ ማንም አይቀመጥም። ትናንት መርዶውን ያልሰማ አንድ ደንበኛችን ገብቶ ሻይ እየጠጣ ጥቂት አዳመጠና ወንበሩን አየት አድርጎ፣ «ጋሼስ?» አለኝ።

አፌ ቀደመኝና «ይመጣሉ» አልኩት።

አምኖኝ ሌላ ሻይ አዘዘ።