ያልተፈታው እጥፋት

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ዩኒፎርም ተመልከቱ። ከታች በኩል አራት ጣት እጥፋት አለው። ልጅ ታድጋለች፣ ጨርቅ አያድግም፤ ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ ለሚመጡት ዓመታት አጥፋ ታስቀምጣለች፣ ትምህርት በተከፈተ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ትፈታላታለች። ይሄኛው አንድም ቀን አልተፈታም።

የሰፋችውን ሴት፣ ሜትሯ ካንገቷ ስለማይወርድ፣ እትዬ ሜትር እንላታለን። የሰፈሩ ሴት ልጆች ሁሉ የሷን ስፌት ለብሰው ነው ፊደል የቆጠሩት። እሷ ስሟን እንኳ አትጽፍም። ዓይኗ ሲደክም፣ ሰባተኛ ክፍል የነበረችው ልጇ «ዛሬን ብቻ ክር ላስገባልሽ» ብላ ከትምህርት ቤት ቀረች። ዛሬ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ዓመት። አሁን የሰውን ልጆች ዩኒፎርም የምትሰፋው ልጅቷ ናት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።

አንድ ቀን የከተማው ቆጣሪ መጣ፤ ማን ይማራል፣ ማን አይማርም እያለ ቤት ለቤት የሚጽፍ ሰውዬ። ልጅቷ ክር ልትገዛ ወጥታለች።

«እናቴ፣ ሴት ልጅ አለችዎት?»

«አለችኝ።»

«ትማራለች?»

የሰፈሩን ሴት ልጅ ሁሉ አልብሳ የላከች ሴት፣ የኔዋ ቤት ቀረች ብላ በምን አፏ ትናገር?

«ዩኒፎርሟ ያውልህ። ለጌጥ የሰቀልኩት መሰለህ?»

ሰውዬው ሳቀና «ትማራለች» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ዩኒፎርሙን የለበሰው ግድግዳው ነው፤ ግድግዳው ይማር እንደሆነ አልጠየቀም። እኔም ሱሪዬን ላሳጥር እዚያው ቁጭ ብያለሁ። ሰማሁ፤ ይሉኝታ ያዘኝና ዝም አልኩ።

ከአራት ወር በኋላ ትምህርት ላቋረጡ ልጃገረዶች የከሰዓት ክፍል ተከፈተ። ጠዋት መስፋት፣ ከሰዓት መማር፤ ልጅቷ እየሮጠች ሄደች። መዝጋቢዋ የቆጣሪውን ዝርዝር ገለበጠች።

«አንቺ እኮ ተማሪ ነሽ።»

«የት?»

«እዚህ ወረቀቱ ላይ።»

በማግስቱ እናትየው ሄደች። «የኔ እህት፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ። እሷ ምን አጠፋች?»

«ይገባኛል፣ እናቴ። ቦታው የተሰጠን ግን አይማሩም ተብለው በተቆጠሩት ልክ ነው። ሞልቷል።»

ልጅቷ እናቷን አልወቀሰችም። ምነው በወቀሰቻት። መርፌው ላይ ክር አስገብታ አቀበለቻትና «እማ፣ እጥፋቱን ፍቺውና ለሌላ ልጅ እንስጠው። ጨርቁ ምን አደረገ?» አለች። እናትየው መቀስ አነሳች። አንድ ክር ሳትቆርጥ መልሳ አስቀመጠችው።

አደባባዩ ላይ፣ ከመቶ ሴት ልጆች ዘጠና ስድስቱ ይማራሉ የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ያጨበጨባችሁ ሁሉ ስሙ፤ ከዘጠና ስድስቱ አንዷ እዚህ ስፌት መኪና ላይ አጎንብሳለች። ስንት ቤት ስንት ዩኒፎርም ተሰቅሎ እንደተቆጠረ እናንተ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ቆጣሪ ደጃችሁን ሲያንኳኳ፣ እባካችሁ፣ ይሉኝታችሁን ጓዳ አስገቡና ልጅቷን ጠርታችሁ ፊቱ አቁሙልኝ።