«መጣ» ነው «መታ»?

ቆቦ ተመድቤ ከመጣሁ ወዲህ የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ እዚህ ኮምፒውተር የሚገድለው ቫይረስ ሳይሆን ሙቀትና መብራት መሆኑ ነው። የጎረቤቴንም ላፕቶፕ የገደሉት እነሱ ናቸው። ጎረቤቴ የታሪክ መምህር ነው፤ ዓይነ ስውር ነው። መብራት ጠፍቶ ድንገት ሲመለስ ላፕቶፑ ትንሽ ጨሰና በዚያው ቀረ።

ያ ላፕቶፕ የተጻፈውን በአማርኛ የሚያነብለት ፕሮግራም ነበረው። በእሱ ማስታወሻውን ራሱ ያዘጋጃል፣ ፈተናውንም ራሱ ያወጣል። ተማሪ ሳለ ሰው እየለመነ ነበር የሚያስነብበው። «የሚያነብልህ ሰው የሰለቸውን ይዘለዋል፣ አንተ የተዘለለውን አታውቅም» ይለኛል። ሁለተኛ ማንንም «አንብብልኝ» ላይል ወላሂ ብሎ ምሏል።

ጂዳ ያለው ወንድሙ አዲስ ላፕቶፕ ላከለት። ዕቃው አይሞቅም፣ ባትሪውም ውሎ ያድራል፤ ለቆቦ የተሠራ ነው የሚመስለው። በትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር የማስተምረው እኔ ስለሆንኩ ወደ እኔ አመጣው። ፕሮግራሙን ልጭን ስል ስክሪኑ ላይ አጭር ጽሑፍ ወጣ። እሱ ማዳመጫውን ሰክቶ ይጠብቃል።

«ምን አለ?»

«አልችልም አለ።»

ምክንያቱን በማሽላ አጨዳ አስረዳሁት። የድሮው ላፕቶፕ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ፣ «እህሉን አስገባ» ሲሉት ማጨዱንም መውቃቱንም ጠቅልሎ እንደሚያውቅ ገበሬ ነው። አዲሱ ደቦ ነው፤ «ቁረጥ፣ እሰር፣ ተሸከም» እያልክ በትንንሽ ትዕዛዝ ታሠራዋለህ፣ እሱ ግን ፈጣን ነው፣ ጉልበትም ይቆጥባል። ዓለም ወደዚህኛው እያዘነበለ ነው። ችግሩ፣ ለአንዱ የተሠራ ፕሮግራም ለሌላው ባዕድ ቋንቋ ነው።

«ከአፋር ጋር ግመል ስንገበያይ እንኳ አስተርጓሚ አለ» አለኝ።

«እዚህ ላፕቶፑ ውስጥም አለ። ይሄን ፕሮግራም ግን አልቻለበትም።»

«እንግዲያ ለአዲሱ እንደገና ይሥሩታ።»

«የእንግሊዝኛውን ሠርተውታል፤ ዛሬውኑ ይናገራል። የአማርኛውን የሠራው ሰው ግን ትቶታል አሉ።»

ይህን ስናገር በገዛ ሙያዬ ተናደድኩ። የሁለቱን ፕሮሰሰሮች ፉክክር ክፍል ውስጥ የማስተምረው እንደ ምሥራች ነው። «አብሽር፣ ይመጣል» አለኝ እሱ። አጽናኙ እኔ መሆን ሲገባኝ እሱ ሆኖ አረፈው።

ብልሃት አላጣም። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፈ የእንግሊዝኛው ድምፅ እንዲያነብለት አደረገ። መጀመሪያ ቀን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። የአካባቢያችንን ከተሞች ሮቢትንና ዋጃን ድምፁ እንደ ቱሪስት ነበር የሚጠራቸው፤ «ቀ» የለው፣ «ጠ» የለው፣ «ጨ» የለው። ጎረቤቴ ግን ለመደውና በሱው ማስተማር ቀጠለ።

አንድ ቀን ማዳመጫውን በአንድ ጆሮው ሰክቶ፣ ከሳምንታት በፊት የጻፈውን እየሰማ ስለ አንድ የጥንት ጦር ያስተምራል። «ጦሩ በሌሊት መጣ» አለ። ሕዝቡ እንዴት እንደተቀበለው፣ ገበያው እንዴት እንደደራ እያሰፋ ቀጠለ። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ መጽሐፉ ‹መታ› ነው የሚለው። ‹መጣ› ነው ‹መታ›?»

በእንግሊዝኛ ፊደል ሁለቱ አንድ ዓይነት ይጻፋሉ፤ ድምፁም አይለያቸውም። እዚህ ራያ ያደገ ልጅ ግን «ጦር መጣ» እና «ጦር መታ» ለየቅል መሆናቸውን በደንብ ያውቃል። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጣ። ላፕቶፑን አልያዘም። ፕሮግራሙ አንድ ቀን መሠራቱ እንደማይቀር ልነግረው ጀመርኩ፤ ዓለም ወዴት እያመራ እንደሆነ፣ ወደፊት ሁሉም ነገር...

«እኔ የማስተምረው ነገ ጠዋት ነው» አለ።

ከብብቱ የታሪክ መጽሐፉን አውጥቶ ዘረጋልኝ። ወንበር ሳብኩለት። እሱ እጁን አላጠፈም።

«ምንም ሳትዘል አንብብልኝ» አለ።