በጫልቱ የካሳ ክርክር ላይ የሰጠሁት ቃል

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ! ታደለ እባላለሁ፤ ከኋላ ወንበር ላይ የምታዩኝ ሰውዬ ነኝ። ሦስት እሑድ ልቆም አስቤ ሳልቆም ተመልሻለሁ። ዛሬ ግን ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ቤቴ አልገባም።

እዚህ ቆመው ከመጠጥ፣ ከጫት ጌታ እንዳወጣቸው የመሰከሩ ወንድሞችን ሰምቻለሁ። ስሙ ይባረክ! እኔ ግን ቢራ እንኳ ቀምሼ አላውቅም። ቀጥተኛ ሰው ነኝ ብዬ የማምን፣ ሰፈሩም እንደዚያ የሚያውቀኝ ነበርኩ። ባለቤቴ ወይንሸት «ታዴ፣ ጌታ ያስፈልግሃል» ስትለኝ «ምን በድዬ?» ነበር መልሴ።

እዚሁ አዳማ አንድ የፓስታ ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ነበርኩ። ሊጥ የሚያቦካው ማሽን እጅ እንዳይገባበት የብረት ክዳን አለው። ሊጡ በተጣበቀ ቁጥር ማሽኑን ማቆም፣ ክዳኑን ፈትቶ መፋቅ፣ መልሶ መግጠም ነው፤ ጊዜ ይበላል። አንድ ቀን ትእዛዝ በዛብንና ጠዋት ሠራተኛው ሳይገባ እኔው ብሎኖቹን ፈትቼ ክዳኑን አነሳሁት። ያየኝ ሰው አልነበረም። ማሽኑ ላይ የምትሠራው ጫልቱ የምትባል የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ስትገባ «ዛሬ ሳታቆሚው ፍቂ» አልኳት። «እሺ ጋሼ» አለች። ታምነኝ ነበር።

ምሳ ሳይደርስ ጩኸቷን ሰማሁ።

ዝርዝሩን አልነግራችሁም፣ ወገኖቼ። ማሽኑን አጠፋሁ፤ ቀበቶዬን ፈትቼ ክንዷን አሰርኩ፤ ተሸክሜያት ወደ መኪና ሮጥኩ። ሐኪሙ ከብዙ ሰዓት በኋላ ወጥቶ «ክንዷን ያሰረው ማን ነው?» አለ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ሕይወቷን አትርፈሃል። እጇን ግን ማዳን አልቻልንም» አለኝ። ቀኝ እጇ ከክርኗ በታች ተቆረጠ።

ስመለስ የአስተዳደር ኃላፊው ጠራኝ። «ክዳኑን የፈታው ማን ነው?» አለ። ሦስቱ ልጆቼ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። «እሷ ናት» አልኩ። እሱ ጻፈ፤ እኔ ፈረምኩ። አያችሁ፣ ሠራተኛ የተከለከለውን እያወቀ አድርጎ ከተጎዳ ካሳ የለውም። በአንድ ፊርማ የልጅቷን ካሳ ዘጋሁባት። እኔ ደግሞ በፋብሪካው «ሰው ያተረፈ» ተብዬ እመሰገን ጀመር።

የሠራተኛ ማኅበሩ ለጫልቱ ክስ መሠረተላት። ድርጅቱ እኔን ምስክር አድርጎ ቆጠረ። ቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው ኃላፊው «ልጅቷ ክሱን ልትተወው እያመነታች ነው አሉ። አንተን ታከብርሃለች፤ ሄደህ እንድትተወው አነጋግራት» አለኝ። ከእናቷ ጋር ወደምትኖርበት ወደ ወንጂ ሄድኩ።

እናቷ በር ላይ ሲያገኙኝ እጄን ይዘው ይስሙት ጀመር! «ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ ወንድሜ! ልጄን ከሞት አፍ ያወጣህልኝ አንተ ነህ። ስጸልይ ስምህን ሳልጠራ ውዬ አላውቅም» አሉኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ጫልቱ ደብተር ጭኗ ላይ ዘርግታ በግራ እጇ ስሟን መጻፍ ትለማመዳለች። ስታየኝ ልትነሳልኝ ሞከረች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «ከዚያ ቀን ምንም ትዝ አይለኝም። ክዳኑን የፈታሁት እኔ ነኝ?»

ዓይኔን ደብተሯ ላይ ተከልኩ።

«እርስዎ እንደዚያ ብለው ከፈረሙማ እውነት ነው፤ እርስዎ አይዋሹም። በየቀኑ እግዚአብሔርን ይቅር በለኝ እላለሁ። በራሴ ጥፋት እናቴን ጧሪ አሳጣኋት። ክሱንም ልተወው ነው፤ ሰው ራሱ ላጠፋው ካሳ ይጠይቃል?»

ወገኖቼ! ልላት የሄድኩትን ራሷ ተናገረችው። ከእኔ የሚጠበቀው «ልክ ነሽ» ማለት ብቻ ነበር። አልወጣልኝም። በእኔ ኃጢአት እሷ ንስሐ ትገባለች! በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን ያየሁት ያኔ ነው። «ክሱን እንዳትተዪው» ብቻ ብያት ወጣሁ።

ሚኒባስ ውስጥ እንባዬ አልቆም አለ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ምነው ልጄ፣ አሞሃል እንዴ?» አሉኝ። «አዎ፣ አሞኛል» አልኳቸው።

ቤት ስደርስ ወይንሸት ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥባለች። ሁሉን ነገርኳት። አልጮኸችም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ከጎኔ ተንበረከከች። በዚያ ጠራራ ፀሐይ «ጌታ ሆይ፣ ዋሽቻለሁ፤ ማረኝ» አልኩ። ሌላ ጸሎት አላውቅም ነበር። በቃው! ሃሌ ሉያ! ደረቴ ላይ ለወራት የተቀመጠው ድንጋይ ተነሳ። ስንቆም ወይንሸት ምን አለችኝ? «ጌታ ይቅር ብሎሃል፣ ታዴ። አሁን ችሎት ላይ ምን ልትል ነው?» ወንድሞች፣ እንዲህ ያለች ሚስት ይስጣችሁ!

ችሎት ቀርቤ ማልኩ። የድርጅቱ ጠበቃ ፈገግ ብሎ «ክዳኑን ማን እንደፈታው ይንገሩልን» አለ።

«እኔ ነኝ የፈታሁት።»

ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀምጠው አዩኝ። «በራስዎ ላይ እየመሰከሩ መሆኑን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ፣ ክብርት ዳኛ። ቀድሞ የፈረምኩት ውሸት ነው።»

ዞሬ ጫልቱን የማይበት አቅም አልነበረኝም። ድምፅዋን ብቻ ሰማሁ፤ «አዮ፣ አና ሚቲ! እኔ አይደለሁም እኮ፣ እማዬ!» ትላለች እያለቀሰች።

የሕክምና ቦርድ የጉዳቷን መጠን ወሰነ፤ ካሳዋ ተፈረደላት፤ የጉዳት ጡረታዋም በየወሩ ይደርሳታል። ዛሬ ኮሌጅ ገብታ ኮምፒውተር እየተማረች ነው። ጌታ ይመስገን!

ወዲያው ይቅር አለችኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ከችሎት ስንወጣ «ስምንት ወር ራሴን ስጠላ ከረምኩ» ብላኝ ሄደች። እናቷም ስልኬን አያነሱም ነበር። ባለፈው ፋሲካ ግን ራሳቸው ደወሉ፤ «ልጆችህን ይዘህ ና። የጠራችህ ጫልቱ ናት» አሉኝ። ሄድን። ገበታ ላይ ጫልቱ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። «በግራ ስለሆነ ይቅርታ፣ ጋሼ» አለች። እንዴት እንደዋጥኩት ጌታ ያውቃል።

የተወደዳችሁ፣ ያኔ የፈራሁት ሁሉ ደርሶብኛል። ከሥራ ተባረርኩ፤ ሰፈር ውስጥ ስሜ ጠፋ፤ አምስት ወር ቤት ተቀመጥኩ። አሁን ሞጆ፣ ደረቅ ወደቡ አካባቢ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ተረካቢ ነኝ። ከድሮው ያንሳል፤ ግን ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ፤ ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ።

ከመካከላችሁ አንድ እውነት አፍኖ «ብናገር እጠፋለሁ» የሚል ሰው ካለ፣ እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። ተናገርኩ፤ አልጠፋሁም። ስወድቅ የያዘኝ ጌታ አንተንም፣ አንቺንም ይይዛል። እመኑት። ክብሩ ሁሉ የእርሱ ይሁን!